የግራው የፊት ጎማ

ወንዳፈራሁ ሞቶ የተገኘው ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው መንገድ፣ ከሦስተኛው ጥምዝ ሥር ነው። ሚኒባሱ በጎኑ ተጋድሞ ቋጥኝ ተደግፏል፤ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኖ ዳር ላይ አርፏል። ተሳፋሪ አልጫነም ነበር። ሰባት ወር ያልሞላውን አዲስ መኪናውን፣ «ፍሬኑ ያለጊዜው እያለቀ አስቸገረኝ» ብሎ ለአራተኛ ጊዜ ለሻጩ ድርጅት ሊያሳይ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነበር። ፍሬኑ አይታመንም ሲል የከረመ ሰው ፍሬን ከድቶት ሞተ። አቤቱታውን ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም፤ ሰሚ ግን ያኔም አልነበረም።

ኢንስፔክተር ጌታነሽ ገደሉን በእግሯ ወረደች። የግሼ ሴት ናት። አባቷ ቀጥቃጭ ስለነበሩ በልጅነቷ ምንጭ ስትወርድ እንኳ ሰው ገለል ይልባት ነበር፤ ከዚያ ዘመን የቀራት ዝምታና የሰላ ዓይን ነው። መጀመሪያ ያየችው የሟቹን እግር ነው። የቀኝ ጫማው ወልቆ ፔዳሉ ሥር ተቀርቅሯል፤ የእጅ ፍሬኑም እስከ መጨረሻው ተስቧል። ሰውዬው ለመኖር ታግሏል። «ተስፋ ቆርጦ ራሱን ጣለ» እያለ ከላይ የሚያንሾካሹከውን ሰው ወሬ እዚያው ተወችው።

ቀጥላ ጎማዎቹን አየች። በግራው የፊት ጎማ ውስጥ ያለው ዲስክ፣ የፍሬን ሸራው ነክሶ መኪናውን የሚያቆምበት ክብ ብረት፣ ለሁለት ተሰብሯል። የቀኙ ደህና ነው። በግራው ቸርኬ ውስጥ ደግሞ ግራጫ ዱቄት ተጋግሮ አገኘች፤ የዚያ መንገድ አቧራ ግን ቀይ ነው። በጣቷ ፈተገችው፣ አሸተተችው፣ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ዓለም ከተማ ግን ከእሷ ቀድማ ፈርዳለች። መካኒኩ ፍሬው ማክሰኞ ከሰዓት ከሟቹ ጋር ጋራዡ በር ላይ ሲጨቃጨቅ ብዙ ሰው ሰምቶታል። የፊት ፍሬን ሸራዎቹን የቀየረለትም የዚያኑ ዕለት እሱ ነው። በማግስቱ ሰውዬው ሞተ። ለሰዉም ለጣቢያውም ይህ ስለበቃ፣ ጌታነሽ ከገደሉ ስትመለስ ፍሬውን እስር ቤት ውስጥ አገኘችው።

«የተጨቃጨቃችሁት በምንድን ነው?» አለችው።

«በውሃ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጎማውን ስፈታው የግራው ዲስክ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሞልቶታል። ሻካራ ስለሆነ ሸራውን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ‹ከቁልቁለት ስትወርድ ውሃ እየደፋህበት ነው› አልኩት። ‹እናቴ ትሙት፣ ጠብታ ውሃ ነክቶት አያውቅም› አለኝ። አላመንኩትም።»

«ስንጥቁን እያየህ እንዴት ለቀቅከው?»

«ዲስኩ እዚህ አገር የለም። ሸራው ደግሞ አልቆ ብረት በብረት ሆኗል። አዲስ ሸራ አስገባሁለትና በዝግታ ሂድ፣ እዚያው አስቀይር አልኩት። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ይህን ሁሉ ወር ሲንጫጫ ለምን ከፍተህ አላየኸውም?»

ፍሬው እጆቹን አየ። «ከድርጅቱ ውጭ የማንም እጅ ከነካው ዋስትናው ይፈርሳል ብለውታል። አጠገቡ ስደርስ እንኳ ‹እንዳትነካው› ይለኝ ነበር። ማክሰኞ የከፈትኩት ለምኖኝ ነው።»

ሟቹ መኪናውን ከታናሽ ወንድሙ ከይታየው ጋር በየሳምንቱ እየተፈራረቀ ይነዳ ነበር። ይታየው ቃሉን የሰጠው እያለቀሰ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ ይለቀው እንደነበር፣ መኪናውን በፍሬን ብቻ ይዞ እንደሚወርድ፣ ወንድሙን የገደለው እሱ እንደሆነ ነገራት። ጌታነሽ ሳታቋርጠው ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ጎማ ላይ ውሃ ደፍተህ ታውቃለህ? በጭራሽ። ወንድምህስ? እሱማ መመሪያውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። ይህንኑ ጥያቄ በመኪናው የሚመላለሱ ነጋዴዎችንም ጠየቀች። አንዳቸውም ውሃ ሲደፋ አላዩም፤ መዋሸታቸውን የሚያሳይ ነገርም አላገኘችባቸውም።

የሟቹ ሚስት ዓለምፀሐይ ሦስት ደብዳቤዎች አመጣችላት። የመጀመሪያው፣ የፍሬን ሸራ አላቂ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም ይላል። ሁለተኛው ጥፋቱን የአነዳድ ጉድለት ያደርገዋል። ሦስተኛው «ቀደም ሲል በተገለጸው ምክንያት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል።

«ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ችግር ያለበት ነው ብለው እርስዎ ከጻፉልኝ ድርጅቱ መኪናውን ይተካልኛል» አለች ዓለምፀሐይ። «ካልሆነ ልጆቼን ይዤ ዘመሮ አባቴ ጋ ነው የምገባው። የእሱ ገብስ እንኳን ለእኛ ለራሱም አልበቃው። ተስፋዬ እርስዎ የሚጽፉት ወረቀት ነው።»

ጌታነሽ ቃል አልገባችላትም። እንዲሆንላት ግን ተመኘች፤ እውነቱ በዚያ በኩል ቢወጣ ደስ ይላት ነበር።

አቶ በኃይሉ የሚባለው የድርጅቱ የዋስትና ክፍል ኃላፊ በማግስቱ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ደብዳቤዎቹን የፈረመው እሱ ነው።

«በሦስቱ ጊዜ ጎማው ተፈትቶ ታይቷል?»

«በሦስቱም ጊዜ ፎርሙ በአግባቡ ተሞልቷል።»

«ስለ ፎርሙ አልጠየቅሁዎትም።»

በኃይሉ መነጽሩን አስተካከለ። «አላቂ ዕቃ ላይ ጎማ የመፍታት ግዴታ የለብንም» አለ።

አርብ ጠዋት ጌታነሽ ወደ ሸለቆው ወረደች። ከጀማ ድልድይ አጠገብ የሟቹ እናት እትዬ ጥሩሸዋ ሻይና ምሳ የሚሸጡበት ቤት አለ። ወንዳፈራሁም ይታየውም ከየትኛውም ወገን ሲወርዱ እዚያ ቆመው ተሳፋሪ ሳያበሉ አያልፉም። ድልድዩ ከሁለቱም ወገን የቁልቁለት ግርጌ ስለሆነ፣ መኪና እዚያ ሲደርስ ፍሬኑ ሁልጊዜ የጋለ ነው። ይታየው ማቆሚያውን አሳያት፤ ሁልጊዜ ዛፉ ሥር፣ አፍንጫው ወደ ድልድዩ ዞሮ፣ በቀኝ ጎኑ የድንጋይ ግንቡን ታክኮ። በግንቡና በጎማው መሐል እጅ አይገባም።

ከደጃፉ ጥግ አንገቱ ላይ ማተብ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ጠበል ነው፤ ወንዳፈራሁ በየእሑዱ ከዓለም ከተማ እየቀዳ ለእናቱ ጉልበት ያመጣላቸው ነበር። በሳምንቱ ባዶውን ይወስዳል፣ ሞልቶ ይመልሳል። እትዬ ጥሩሸዋ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ ነበር። ጌታነሽ ካፅናናቻቸው በኋላ፣ ጎማው ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ማን ይደፋል ብለሽ፣ ልጄ?» አሉ። ጥያቄው ራሱ ገርሟቸዋል።

ጌታነሽ ጉልበቱን አየች፣ ቅቤውን አየች፣ ጀሪካኑን አየች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ዛፉ ሥር ብቻዋን ብዙ ቆመች። የሥራዋን ክፉ ክፍል እንደምትጠላው ያን ጊዜ ነው በግልጽ የተሰማት።

የሠልስቱ ዕለት ከሰዓት እንግዳው ተሸኝቶ እትዬ ጥሩሸዋ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ቀረ። በኃይሉም ተጠርቶ መጥቷል፤ ፍሬው፣ አጃቢው ፖሊስ ደጅ ቀርቶ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጌታነሽ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የተሰበረውን ዲስክ አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው።

«ፍሬው አልገደለውም» አለች። «ሸራው በትክክል ገብቷል፤ ሥራው ንጹሕ ነው። የተሰበረው ዲስኩ ነው፣ ስንጥቁም የአንድ ቀን አይደለም። አብዛኛው ውስጡ ዝጓል። ማክሰኞ ገና ሳይከፈት በፊት ብዙ ወር የኖረ ስንጥቅ ነው።»

ይታየው ቀና አለ።

«አንተም አይደለህም። ማርሽ አውጥቶ መውረድ ጥፋት ነው፤ መጀመሪያ ሸራውን የጨረሰውም እሱ ይሆናል፤ ግን የሚያግለው ሁለቱንም ወገን እኩል ነው። የቀኙ ግን ደህና ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የጋለ ማረሻ ያለልክ ውሃ ሲነካው ልክ እንደዚህ ሲሰነጠቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይህ ዲስክ እየጋለ በየቀኑ ፈሳሽ ተደፍቶበታል።»

«ሾፌር ነው የሚደፋው፤ ሁሉም ይክዳሉ» አለ በኃይሉ።

«ሾፌር ቢሆን አራቱንም ነበር የሚያጠጣው። የደፋው ሰው የደረሰው ግራውን ብቻ ነው። ቀኙ የማይደረስበት ማቆሚያ ያለው ደግሞ እዚህ ደጅ ነው። የኋለኛው ጎማ በታምቡር የተሸፈነ ስለሆነ አልተጎዳም፤ የፊቱ ዲስክ ግን ገላጣ ነው።» ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ፈታችው። «ይህ ዱቄት እመት ነው፤ ካህኑ ከጽናው የሚያራግፉት የዕጣን አመድ። ከጠበል ጋር ይበጠበጣል። የጠየቅኋቸው ሁሉ አልዋሹኝም። ማንም ሰው ጠበልን ውሃ ብሎ አይጠራውም። በጸሎት ሲረጭ ያየ ሰው፣ ውሃ ሲደፋ አየሁ አይልም።»

ወረቀቱን መልሳ አጣጠፈች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ጨርሺው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «ፍሬውም እናት አለው።»

ጌታነሽ ግን አልጨረሰችውም፤ የጨረሱት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣ ዕለት ልጃቸው ምሳውን ሳይቀምስ እንደተነሳ ነገሯቸው። ሰዎቹ እንቢ ካሉ እግዚአብሔር ያያል ብለው፣ ከማግስቱ ጀምሮ እሱ ቤት ገብቶ ሲበላ ጠበሉን በኩባያ እየቀዱ ይወጡ ጀመር። የጎማው ብረት ሲጨስና ሲጮህ ክፉው የወጣ መሰላቸው። የሸለቆው ሙቀት ወዲያው ያደርቀዋል፤ እሱ ሲወጣ የሚያየው ነገር የለም። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ኩባያውን ሁለት አደረጉት። ሦስተኛው ሲመጣ በማሰሮ ሆነ።

«ለጉልበቴ ብሎ ነበር የሚያመጣልኝ» አሉ። «ለጉልበቴ አንድም ቀን አልነካሁት። ለእሱ ይሁን ብዬ።»

ዓለምፀሐይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከቤቱ ውስጥ የተንቀሳቀሰው በኃይሉ ብቻ ነው፤ አቃፊውን ከፍቶ ጻፈ።

«ያሳዝናል» አለ፣ ከልቡም ይመስላል። «ነገር ግን በጋለ ፍሬን ላይ ፈሳሽ ማፍሰስ ዋስትናውን ያፈርሳል፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። የሪፖርትዎን ቅጂ እፈልጋለሁ።»

«ይደርስዎታል» አለች ጌታነሽ። «እሱም ላይ በግልጽ የሚጻፍ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ጎማውን ፈትታችሁ ቢሆን ኖሮ ስንጥቁን ታዩት ነበር። ውሃ ነው ብትሉት ይጠይቅ ነበር፤ ጠይቆም እናቱ ጋ ይደርስ ነበር። እናንተ አልፈታችሁም፤ ሌላም ሰው እንዳይፈታው ከለከላችሁ።»

«ያንን የሚከለክል ሕግ አለ?»

ጌታነሽ አሰበች። «የለም» አለች።

ፍሬው የዚያኑ ዕለት ተፈታ። ደስ አላለውም፤ ዲስኩን በእጁ ይዞ «ምሎልኝ ነበር እኮ፤ ‹እናቴ ትሙት› ብሎ ነው የማለልኝ» አለ። መናገሩን ወዲያው ተጸጸተበት፣ ግን እትዬ ጥሩሸዋ ሰምተውታል።

«እውነቱን ነው የማለው» አሉ። «ልጄ ውሸት አያውቅም። ለዚህ ነው እኔ የቀረሁት።»

አራተኛው ደብዳቤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ከአራቱ መካከል እውነተኛ ምክንያት የያዘው እሱ ብቻ ነበር። ዓለምፀሐይ ልታነበው ስላልፈለገች ጌታነሽ ይዛው ወደ ድልድዩ ወረደች። ዓለምፀሐይ ልጆቿን ይዛ ዘመሮ ለመግባት ዕቃዋን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር፤ ወደ አማቷ ቤት ግን አልሄደችም።

እትዬ ጥሩሸዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጀሪካኑ ከጎናቸው፣ ወንዳፈራሁ በመጨረሻው እሑድ ካመጣው ጠበል የተረፈውን እንደያዘ አለ። ደብዳቤው እንዲነበብላቸው ጠየቁ። «በቤተሰብ አባል በተፈጸመ ተግባር» ከሚለው ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

«ስሜን አልጻፉትም?»

«አልጻፉትም፣ እማማ።»

«መጻፍ ነበረባቸው» አሉ። ከዚያም ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉትና ጀሪካኑ ሥር አኖሩት።