የወይዘሮ ይርገዱ ቱምቢ

ትርሲት የተቀጠረችው ሰዎች ከተማቸው እንደምትዞር እንዳይታወቃቸው ለማድረግ ነው። እንዝርት የምትባለው ከተማ ከምድር በላይ በባዶው ሰማይ የምትሽከረከር ትልቅ ጎማ ናት። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው በውስጧ ይኖራል። እግር ወለል የሚረግጠው፣ ውሃም ብርጭቆ ውስጥ አርፎ የሚቀመጠው በመሽከርከሯ ነው፤ ብታቆም ወጡ ከነድስቱ ይንሳፈፋል። የሰው ጆሮ ግን ለዚህ አልተሠራም። ለብቻው ከተተወ ቀኑን ሙሉ ያዞረዋል፣ ያጥወለውለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ ከጆሮው ጀርባ የስንዴ ፍሬ የምታህል መሣሪያ ተቀብራለታለች፤ ሚዛኔ ይሏታል። ሚዛኔ የጆሮን ሮሮ አፍና ለአንጎል «ሁሉ ሰላም ነው» ትላለች።

ትርሲት የሚዛኔ ሐኪም ናት። ወንበሯ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ይህን ነው፤ «የሚዞረው ማነው፤ እርስዎ ወይስ ቤቱ?» አልጋ ላይ ሲገላበጥ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ የሚዞርበት ሰው በውስጥ ጆሮው ያሉት ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተዋል። አንገቱን ጠምዝዛ በድንገት ታስተኛዋለች፤ ዓይኑ ሲርገበገብ ታያለች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ እያገላበጠች ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው ትመልሳለች። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከዞረው የጆሮው ነርቭ ተቆጥቷል። ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ጭው የሚልበት ደግሞ ስለ ደሙና ስለ ቁርሱ ይጠየቃል። ለዚህ ሁሉ ራሷ ያዘጋጀችው ቅጽ አላት። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ «እኔ» እና «ቤቱ»።

በዚያ ሰሞን ወረፋው በረታ። በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ከሰባ ሰው በላይ አዞረኝ ብሎ መጣ። ከእነሱ አንዷ እናቷ ወይዘሮ ይርገዱ ነበሩ።

ወይዘሮ ይርገዱ ምድር ላይ ሳሉ ግንበኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአጣና መወጣጫ ላይ ሳይወርዱ ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳን አዞረኝ ብለው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

«የሚዞረው ማነው እማዬ፤ አንቺ ወይስ ቤቱ?»

«የሚዞር ነገር የለም። ቤቱ ዘሟል።»

«መዝመም የሚባል የለም እዚህ። ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ ቤቱ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ሳቆም ኖሬ የዘመመ ቤት ይጠፋኛል? ቱምቢዬ ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለው ዕቃ ውስጥ ነው። አውርጂልኝና ላሳይሽ።»

ቱምቢ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር የተንጠለጠለ ሾጣጣ ብረት ነው። ወይዘሮ ይርገዱ ወደ እንዝርት ሲመጡ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ኪሎ ላይ ቀንሰው ያን ብረት ይዘው በመምጣታቸው ስንቱ ስቆባቸዋል።

«እሑድ አወርድልሻለሁ» አለች ትርሲት።

እናቷን አስተኝታ ዓይናቸውን አየች። አልተርገበገበም። ጆሯቸው ንጹህ ነበር። ከዚያ በፊት ካየቻቸው የብዙዎቹም ንጹህ ነበር፤ ይህን ልብ ብላዋለች። ግን ደጅ ሠላሳ ሰው ቆሟል። «ቤቱ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ የእናቷን ሚዛኔ ኃይል በሁለት ደረጃ ጨመረችላቸው።

«አሁንስ?»

«አሁን ምንም አይታወቀኝም።»

«ይኸው! ዳንሽ ማለት ነው።»

«ተቃና መቼ አልኩ? አይታወቀኝም ነው ያልኩሽ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በማግስቱ የጎማው ዋና ኃላፊ ኢንጂነር ዘርጋው ትእዛዝ ላከ፤ የሁሉም ነዋሪ ሚዛኔ በሁለት ይጨመር። ትርሲት የሁሉም ሚዛኔ ከሚታዘዝበት ከክሊኒኩ ማዘዣ ሰሌዳ ላይ አንድ አዝራር ተጫነች፤ የአንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ጆሮ ባንድ ጊዜ ዝም አለ። ወረፋው ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። እሑድ ደረሰና አለፈ፤ ቱምቢው አልወረደም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሦስተኛው ሠፈር አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ሥራውን ጥሎ ወደ ለቅሶ ቤቱ ነጎደ። ወይዘሮ ይርገዱም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደረጃ ሲወጡ ወለሉ ለአፍታ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ድሮ ቢሆን እግር ቀድሞ ያውቃል፤ ሰው ሳያስበው ድጋፉን ይይዛል፣ ቁጢጥ ይላል። አሁን ግን ለማንም ምንም አልታወቀውም። አሥራ አንድ ሰው ወደቀ፤ አሥሩ ተነሣ።

ትርሲት በማግስቱ ጠዋት የእናቷን መገነዣ ልታወጣ ቁም ሣጥኑ ላይ ስትወጣ በጨርቅ የተጠቀለለው ቱምቢ እጇ ገባ። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ከበሩ መቃን ላይ አንጠለጠለችው። ክሩ ከላይ መቃኑን ነክቶ ከታች በሁለት ጣት ራቀ። እናቷ ያሉት ልክ ነበር። አሥር ደቂቃ ቆማ አየችው፤ ሦስት ጣት ሆነ። በኮሪደሩ የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ድምፅ ይሰማ ነበር። ቤቷ ያለው እዚያው ሦስተኛው ሠፈር ነው።

ሮጣ ክሊኒክ ሄዳ መዝገቡን ከፈተች። ሰው አዞረኝ ብሎ የመጣባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ሕዝቡ ለቅሶ ቤት የዋለባቸው ቀናት ነበሩ፤ አራት ለቅሶ፣ አራት ጊዜ ወረፋ። ያን ሁሉ ጤነኛ ጆሮ በገዛ እጇ አፍናለች። ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም።

ኢንጂነር ዘርጋው ቢሮው ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ወደ እሷ ቤት ሊመጣ ሲዘጋጅ አገኘችው።

«ቤቱ ዘሟል፤ ያውቃሉ?» አለችው።

ዘርጋው መልሶ ተቀመጠ። «ሰባተኛው ፓምፕ ቆሟል።»

ሰው በአንድ በኩል ሲበዛ ፓምፖቹ ውሃውን ወደ ማዶ እየገፉ ጎማውን ሚዛን ያስይዙታል። ከተማዋን መጀመሪያ የነደፉት የውጭ አገር ሰዎች እነዚህን ፓምፖች አላሰቧቸውም ነበር፤ አንድ ከተማ ሙሉ ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን አንድ ሰው ቤት ይቀመጣል ብሎ ማን ያስባል? በኋላ የእኛ ሰዎች ናቸው ያስጨመሯቸው።

«ከመቼ ወዲህ?»

«አራት ወሩ ነው። መለዋወጫው ከምድር እስኪመጣ ገና አምስት ወር ይቀራል።»

«ለሕዝቡ ለምን አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? ለቅሶ አትድረሱ ብዬ? ይህን ያልኩ ቀን የኔን ሬሳ ማን ያነሣዋል? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?»

«ስለዚህ ጆሮአቸውን ደፈንከው!» አለች። እስከዚያ ቀን አንተ ብላው አታውቅም።

ዘርጋው ጠረጴዛውን እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዝራሩን የተጫንሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ትርሲት ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ፣ «ዛሬ ሁሉም ቢመጣ ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀችው።

«ጎማውን ከመሐል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ላይ ስንጥቅ አለ። የትናንቱን ችሏል። እናትሽን ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ይመጣል።»

የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ተናገረች። «እኔ የወይዘሮ ይርገዱ ልጅ ትርሲት ነኝ። እባካችሁ ወደ እኛ ቤት አትምጡ። ጎማው አይችለንም፤ አደጋ አለ። እባካችሁ ካላችሁበት አትነሡ።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ምንውየለት ይህን የሰሙት ሰው እየሰበሰቡ ሳለ ነበር። «ሰማችኋት? ሐዘንተኛ መቼ ኑ ብሎ ያውቃል? አትቸገሩ ማለቷ ነው እንጂ! በሉ ፍጠኑ፤ ልጅቷ ብቻዋን ናት!» አሉ። ሰዉ እርምጃውን አፈጠነ። ያልወጡትም ወጡ። ትርሲት በቢሮው የመቆጣጠሪያ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነዋሪ ያለበትን የሚያሳዩት ነጥቦች ወደ ሦስተኛው ሠፈር ሲጎርፉ አየች። ለይሉኝታ ያለችው መስሏቸው ነበር።

ክሊኒክ ደርሳ ማዘዣውን ከፈተች። የሁሉንም ሚዛኔ፣ የራሷንም ጨምራ፣ ዜሮ አደረገችው።

መጀመሪያ ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ ዝምታ። በየኮሪደሩ፣ በየደረጃው፣ በየሱቁ ደጃፍ ሰው ሁሉ ባለበት ቁጭ አለ። ቀና ያለ ግድግዳው ተገለበጠበት፤ ዘወር ያለ አስመለሰው። ወለሉን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እርምጃ መሄድ የቻለ አልነበረም። እነሆ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ያለበትን በትክክል አወቀው።

ትርሲት በአራት እግሯ እየዳኸች ቤቷ ገባች። ቱምቢው ሦስት ጣት ላይ ቆሟል፤ ከዚያ አላለፈም። ከሩቅ አንዲት ሴት «ወይኔ ይርገዱ!» ስትል ተሰማት። ከወዲያ ሌላው ተቀበላት። ለቅሶው በየተቀመጡበት ጎማውን ዞሮ መጣ። ቤቷ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። የእናቷን ሬሳ ለብቻዋ ተቀምጣ ጠበቀች፤ አንድ ሰው እንኳን እጇን አልያዛትም። ያን ቀን የሰው ነፍስ ተርፏል፤ እሷ ግን የምታስታውሰው ባዶውን ፍራሽ ብቻ ነው።

እየዳኸም ቢሆን ሁሉም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ እውነቱን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሦስት ቀን ተቆጡ። ዘርጋውን ሰደቡት፤ እሷንም አመሰገኗት። በአራተኛው ቀን ክሊኒኩ ደጃፍ ወረፋ ተሠራ። ፊተኛው ጋሽ ምንውየለት ነበሩ፤ ሁለት ሰው ደግፏቸው ገቡ።

«ልጄ፣ ጨምሪልኝ።»

«ጋሼ፣ ፓምፑ እኮ አልተሠራም። ቤቱ እንደዘመመ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሚዛኔው ሲጨመር እኮ አይታወቅዎትም።»

«እሱን ነው የምልሽ። እያወቁ መኖር አልተቻለም። እህል አልቀመስ ብሎኛል። ደግሞ ሰው እንዲህ እየተንፏቀቀ እንዴት ለቅሶ ይደርሳል?» አሉ። የቀልዳቸውን አልነበረም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ትርሲት አልጨምርም አለች፤ ለእሳቸውም፣ ከኋላቸው ለነበሩትም። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠርቶ እጅ ወጣ። የተቃወመች እሷ ብቻ ነበረች። የማዘዣውን ቁልፍ አስረክቢ ተባለችና መክብብ ለሚባል የሥራ ባልደረባዋ ሰጠችው። መክብብ ሁሉንም በሦስት ጨመረ፤ አሻፈረኝ ካለችው ከእሷ በቀር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የከተማው ሰው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዋለ።

ማንም አልጠላትም። ይህ ነው የከፋባት። ግድግዳ ተደግፋ ስትሄድ ክንዷን ይይዟታል፤ ምግብ ያመጡላታል፤ ከኋላዋ ደግሞ «ከእናቷ ሞት ወዲህ ጆሮዋ ታሟል፤ ምስኪን» ይላሉ። እናንተ ናችሁ የታመማችሁ ብላ ጮኻባቸውም ታውቃለች። ያኔ ይበልጥ አዘኑላት። ሁለት ወር እንዲህ ኖረች። ከሰውነት ተራ ወጣች፤ ጎኗን አሳርፋ መተኛት አቃታት። አንድ ጠዋት የእድሩ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው፣ እያባበሉ፣ ድሮ ሌሎችን ታስቀምጥበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ትግል አልገጠመችም።

መክብብ ቅጹን አወጣ። «የሚዞረው ማነው ትርሲት፤ አንቺ ወይስ ቤቱ?»

«የሚዞር ነገር የለም። ዘሟል።»

መክብብ ደግ ሰው ነው፤ ያለችውን ሊጽፍላት ሳጥን ፈለገ። ቅጹን ገልብጦ ጀርባውንም አየ። እንደዚያ የሚል የለም፤ ቅጹን ያዘጋጀችው ራሷ ነበረች። «ቤቱ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገና መሣሪያውን ከጆሮዋ ጀርባ አስጠጋ።

ደጅ የድምፅ ማጉያው ተከፈተ፤ በሦስተኛው ሠፈር አንድ ሰው ማረፉን ተናገረ። ወዲያው በኮሪደሩ የብዙ ሰው እርምጃ ተሰማ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄደው፤ ማንም አልተንገዳገደም።

«አይዞሽ፣ አያምም» አላት መክብብ። «አሁን ምንም አይታወቅሽም።»