የረቡዕ ሳህን

አቶ ገመዳ ቶላ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በስቶክሆልም ስፖንጋ ሠፈር በሚገኘው አዳራሽ ውስጥ መዘምራኑን ሲያለማምዱ፣ የሁለተኛውን ድምፅ ስሕተት ሊያርሙ እጃቸውን እንዳነሡ ወደቁ። ማምሻውን ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። ባለፈው ዓመት የልብ ቀዶ ሕክምና ስለ ተደረገላቸው ከልባቸው በቀር ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። ሐሙስ ጠዋት ግን ሐኪሞቹ አቶ ገመዳ ከበሉት ጎመን መካከል ጎመን ያልሆነ ቅጠል አገኙ።

በግንቦት መጨረሻ ስቶክሆልም ውስጥ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል አንድ ተክል አለ። አበባው ነጭ፣ ደወል የሚመስል፣ ሽታው ደስ የሚል ነው። ቅጠሉን የበላ ልበ ደካማ ሰው ግን አይተርፍም። በአዳራሹ ጓሮ አንድ ሙሉ መደብ በቅሏል።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ፋና አዶናይ ተሰጠ። ፋና በዘጠኝ ዓመቷ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጆቹን የምትመለከት የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ሥራውን ከጀመረች ገና አራት ሰዓት ሳይሞላት ዐቃቤ ሕጓ ደወለችላት።

«ሳህኑን ለሟቹ በእጁ የሰጠው ሰው ይታወቃል። ገበታው ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ለምን እንደ ሰጠ አላወቅሁም።»

«እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እወቂ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ይታሰራል።»

ሽማግሌው ዶክተር ሣህሉ ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ለትምህርት መጥተው፣ ስለ አፈር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የከተማው የማኅበረሰቦች ግንኙነት ኮሚሽን ለየትኛው ማኅበር የብዝኅነት በዓል ድጋፍ እንደሚሰጥ በሚወስነው ቦርድ ውስጥም ብቸኛው ኢትዮጵያዊ አባል ናቸው። ረቡዕ ዕለት የቦርዱ አባላት አዳራሹ ድረስ የመጡት የሐበሻውን የበዓል ዝግጅት ሊያዩና ምግቡን ሊቀምሱ ነበር።

ፋና ቤታቸው ስትደርስ ዶክተሩ ኮታቸውን እንደ ለበሱ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሳህኑን በእጅዎ ነው የሰጧቸው?»

«በእጄ ነው።»

«ሰኞ ዕለት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣላን እንጂ! እሱ በዓሉን መዘምራኑ ይክፈቱት አለ፤ እኔ ኮሚሽኑ ለአምልኮ ድጋፍ አይሰጥም፣ ደንብ ነው አልሁ። ‹አንተ እኮ ከስዊድኖቹ ብሰሃል› አለኝ። እኔም አላነሰኝም፣ መለስሁለት። አርባ ዓመት የተዋወቅን ሰዎች ነን፤ መዘላለፍ ብርቃችን አይደለም።»

«ታዲያ ሳህኑስ?»

«ስሜ ተለጥፎበት ከወንበሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ሳየው አትክልት ነው። ገመዳ ደግሞ ሐኪሙ ሥጋ ከከለከለው ወዲህ ጥብስ ባየ ቁጥር እንደ ሕፃን ይቆዝማል። ‹እንካ፣ ታርቄሃለሁ› ብዬ ሰጠሁት። ሳቀ።» ዶክተሩ የለበሱትን ኮት አመለከቱ። «ዛሬ ለቅሶ ልደርስ ሁዲንጌ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሚስቱ ሶረቲ ከደጃፍ መለሰችኝ። ልጄ፣ እስር ቤት አላስፈራኝም። ግን ወዳጄን ሳላለቅስለት፣ ገዳዩ ተብዬ ልታሰር ነው?»

ፋና ማስታወሻዋን ገለጠች። «ከአቶ ገመዳ ሌላ የተቀየመዎት ሰው አለ?» አለች።

በጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ የነበረው እጃቸው ቆመ።

«አንድ የሰው ገመና ይዣለሁ። ራሱ እስኪናገር አላወጣውም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ከገመዳ ሞት ጋር አይገናኝም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ገመዳ ጉዳዩን አያውቀውም ነበርና ነው።»

ከዚያ ወደ አዳራሹ ሄደች። ምግቡን ያዘጋጁት ወይዘሮ ከበደች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ያንን ቅጠል እኔ አልከተፍሁም!» አሉ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳበላ አንድ ሰው እንኳ ሆዴን ብሎኝ አያውቅም።»

«አልጠረጠርኩዎትም፣ እትዬ ከበደች። ምን ምን እንደ ሠሩ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ለእኛ ጥብስ፣ ለስዊድኖቹ አትክልት። ግማሾቹ እኮ ወተት እንኳ አይነኩም። ሁሉንም በየድስቱ አቀረብሁ። ለብቻ ሸፍኜ ያስቀመጥሁት ሳህን የለም።»

«የዶክተሩስ?»

«ከየት እንደ መጣ እንጃ። ጎመኑ ከእኔ ድስት የተጨለፈ ነው፣ አይቼዋለሁ። የቀረውን ዕቃ ከመኪና ላመጣ ወጣ ገባ እል ነበር።»

«በዚያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ማን ነበር?»

«የኮሚሽኑ ባርናባስ ወንበር ይደረድራል። ዶክተሩና ገመዳ ውጭ አግዳሚው ላይ ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ!»

የኮሚሽኑ ጸሐፊ ፌበን የአቶ ገመዳ መዘምራን አባል ናት። ስዊድን ያደገች ስለሆነች ፋና በአማርኛ ስትጠይቃት በስዊድንኛ ትመልሳለች። ከባቡር ጣቢያ የቦርዱን አባላት ተቀብላ የመጣችው ምግቡ ሁሉ ከቀረበ በኋላ ነው፤ አብረዋት የመጡት አራቱ ሰዎችም ይህንኑ መስክረዋል። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ኮሚሽኑ ግብዣ ባደረገ ቁጥር ማን ምን እንደማይበላ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ያለዚህ ዝርዝር ገበታ አይቀርብም። በዶክተር ሣህሉ ስም አንጻር ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

«ምንም የማይበሉት ነገር የለም ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው የሞሉት።»

«በየምግቡ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የምታትሚው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ሁሉንም በስዊድንኛ። የዶክተሩን ግን እኔ አላተምሁም። እሱ በአማርኛ ነበር።» ፌበን ፊቷ ቀላ። «የአማርኛ ፊደል ማንበብ አልችልም። እባክሽ ለእናቴ እንዳትነግሪያት።»

የቀረው ባርናባስ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በኮሚሽኑ የበዓላት አስተባባሪ ሲሆን በሚቀጥለው ወር የክፍሉ ኃላፊ ሊሆን ታጭቷል። አያቱ ወንጌላዊ፣ አባቱ ፓስተር ነበሩ፤ እሱም ለስለስ ያለ የሰባኪ ድምፅ አለው።

«ወንበር ስደረድር ቆየሁ። ሳህኖቹ አጠገብ አልደረስሁም» አለ። «ምሳው ሲጀመር ስልክ ተደውሎልኝ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም በልተው ጨርሰዋል።»

«ዶክተር ሣህሉን ትጠረጥራቸዋለህ?»

«ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጾም የማያፈርሱ ሰው ናቸው። ከዚያ ሳህን በቀር የሚበሉት ነገር አልነበራቸውም። ጾመኛ ሽማግሌ ያለችውን አንዲት ምሳ ለሰው ሰጥቶ ጦሙን ዋለ። ምን ቢያውቅ ነው?»

ክርክሩ ጥሩ ነበር። ፋና ቃል በቃል ጻፈችው። እጆቹን ስታይ ጣቶቹ ተቆላልፈው ነጭ ሆነዋል።

ሁዲንጌ ስትደርስ መሽቶ ነበር። የአቶ ገመዳ ባለቤት ወይዘሮ ሶረቲ ከለቅሶተኞቹ መካከል ተነሥተው የባላቸውን የመዝሙር ደብተር ሰጧት። ሽፋኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ዶ/ር ሣህሉ፣ የጾም ምግብ» ይላል።

«‹ዛሬስ ጾመኛ አደረጉኝ› ብሎ ከሳህኑ ሽፋን ልጦ እዚህ ለጠፈው አሉኝ። ጨዋታ ይወድ ነበር» አሉ ሶረቲ። ከዚያ ድምፃቸው ደረቀ። «ሣህሉ ነው የገደለብኝ?»

«እስከ ነገ ይታገሱኝ፣ እትዬ ሶረቲ።»

ደብተሩን ለቤተ ሙከራ ላከች። ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ ሆና ወደ ወይዘሮ ከበደች ደወለች፤ የጠየቀቻቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱን ስትሰማ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ዓርብ በስምንት ሰዓት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዶክተሩ፣ ከበደች፣ ፌበንና ባርናባስ አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ዐቃቤ ሕጓ የሰጠችው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ሁላችንም አቶ ገመዳን ማን ገደላቸው እያልን ስንጠይቅ ሰነበትን» አለች ፋና። «ጥያቄያችን ስሕተት ነበር። ሳህኑ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

ዶክተሩ ቀና አሉ።

«የእርስዎ ነው። የተዘጋጀውም ለእርስዎ ነው። ለአቶ ገመዳ እንደሚሰጡ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም፤ እርስዎም ራስዎ አላወቁም። ሳህኑን እትዬ ከበደች አላዘጋጁትም። የፌበን ዝርዝር አላዘዘውም። ታዲያ ያዘጋጀው ሰው፣ ዶክተሩ ጥብሱን ትተው ይህንኑ ብቻ እንደሚበሉ በምን እርግጠኛ ሆነ?» ዞር አለች። «ባርናባስ፣ ትናንት ያልኸኝን ድገምልኝ።»

«የቱን?»

«ስለ ረቡዕ።»

ባርናባስ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ቅር አይበልዎት፣ ዶክተር። ረቡዕ ስለ ነበር ከዚያ ሳህን ሌላ የሚበሉት አልነበረዎትም ነው ያልሁት። ጦምዎን ነው የዋሉት።»

«ማነው ጦሙን የዋለው?» ከበደች ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ጥብስ ሁለት ጊዜ ጨምሬላቸዋለሁ! ‹አጥንት ያለበቱን› እያሉ!»

«በረቡዕ?» አለ ባርናባስ።

«ታዲያ ምን አለበት? ሃምሳው መቼ ወጣ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል!»

«ትናንት ማታ ዶክተሩ ምን በሉ ብዬ ስደውልም የነገሩኝ ይህንኑ ነው። የኦርቶዶክስ ልጅ ያውቀዋል» አለች ፋና በቀስታ። «የፓስተር ልጅ ላያውቀው ይችላል። ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም ከጎረቤት ሰምቷል፤ የሃምሳውን ቀን ግን አልሰማም። ያንን ሳህን ‹የጾም› ብሎ ያቀረበው ሰው ዶክተሩ ጾመኛ መሆናቸውን ያውቃል፣ ጾሙን ግን አያውቀውም። እትዬ ከበደች እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም። ዶክተሩም አይሠሩም፤ ሊያሳስቱ ቢፈልጉ እንኳ በሃምሳው የጾም ሳህን አቅርበው የሰው ዐይን አይስቡም። ፌበን ባቡር ጣቢያ ነበረች፣ በአማርኛም አትጽፍም። የቀረው ወንበር ሲደረድር የነበረው ሰው ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ባርናባስ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ግምት ነበር። አቶ ገመዳ ወረቀቱን ልጠው ደብተራቸው ላይ ለጥፈውት ነበር። ቤተ ሙከራው ሲያነሣው ከሥሩ፣ ሙጫው ላይ፣ የአውራ ጣትህን አሻራ አገኘ። ሳህኖቹ አጠገብ አልደረስሁም ብለኸኛል።»

ፋና ወደ ዶክተሩ ተመለሰች።

«ገመናው የእሱ ነው አይደል?»

ዶክተር ሣህሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ባለፈው ዓመት በዓላችን እንዲደገፍ ብሎ የዐሥራ ስምንት ሽማግሌዎች ፊርማ ያለበት ደብዳቤ አስገብቶ ነበር» አሉ። «ድጋፉ የተፈቀደው፣ የእሱም ስም የገነነው በዚያ ደብዳቤ ነው። በቅርቡ ደግሜ ሳየው ከፈራሚዎቹ አንዷ የሶደርተልየዋ በቀለች ሆና አገኘኋት። በቀለች እኮ ከመፈረሟ ሁለት ዓመት በፊት ቀብረናታል። ሌሎቹንም ጠየቅሁ፤ የፈረመ የለም። ‹እስከ ሐሙሱ ስብሰባ ራስህ ተናገር፣ ይቅርታ ይደረግልሃል› አልሁት። ላድነው ነበር።»

«ሹመቴን ነበር የሚያጠፉት!» ባርናባስ ብድግ አለ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ለሐበሻው ስሮጥ ኖሬ፣ በአንድ ወረቀት! ጋሽ ገመዳን ግን እኔ… መዝሙር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው! ስልኬን ጨርሼ ስገባ ሳህኑ ባዶ ነበር። ምን ማድረግ እችል ነበር?»

«ሦስት ሰዓት ነበረህ» አለች ፋና። «ከምሳው እስከ ወደቁበት ድረስ ሦስት ሰዓት። ከፊታቸው ሆነህ ሲዘምሩ ሰምተሃል። አንዲት ቃል ብትናገር ሐኪም ይደርስላቸው ነበር።»

ፌበን በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ፖሊሶቹ ባርናባስን ይዘው ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ፋና ለዐቃቤ ሕጓ ደወለች፤ ንግግራቸው አጭር ነበር። ከዚያ ወደ ሁዲንጌ ደውላ ከወይዘሮ ሶረቲ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገረች። ስትጨርስ ዶክተሩ አሁንም ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ነፃ ነዎት፣ ዶክተር።»

«የእኔን ሞት ሞተ እኮ» አሉ። «በእጄ ሰጠሁት።»

«የሰጧቸው ዕርቅ ነው። ሞቱን የሰጣቸው ሌላ ሰው ነው።»

ቃሏ ማጽናኛ እንዳልሆነላቸው አየች። «ላድርስዎት» አለች።

«ወዴት?»

«ለቅሶ።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የአቶ ገመዳ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። ዶክተሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በውስጥ የነበረው ጫጫታ ጸጥ አለ። ወይዘሮ ሶረቲ በጥቁር ነጠላቸው እንደ ተከናነቡ ወጡና ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ዶክተሩ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። ወገባቸው ግን እሺ አላላቸውም፤ ግድግዳውን ይዘው ቀሩ።

ሶረቲ ተንበርክከው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱላቸው ጀመር።

«ተይ፣ ሶረቲ፤ ተይ» አሉ ዶክተሩ።

«እግርዎን ያንሡ፣ ጋሽ ሣህሉ» አሉ ሶረቲ። «ትናንት ከዚህ ደጃፍ የመለስኩዎት እኔ ነኝ፤ የማስገባዎትም እኔ ነኝ።»