የውዳድ ፔዳል

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። የምነግራችሁ ግን የሰማሁትን አይደለም... እጄ የነካውን ነው።

በፈረንጆቹ 2009። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጫት ገብቶ ከተማው ጭር የሚልበት ሰዓት ነው። ፀሐዩ ቆርቆሮ ያቀልጣል። ጋራዡ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራው መሳፍንት።

ኒዛር ያን ትልቅ መኪናውን እያስጓራ ገባ።

ከኒዛር ጋር ድሬዳዋ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እሱ ነጋዴ ሆነ። እኔ ስምንተኛን ወድቄ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሠርጉ ላይ እንኳ ደጅ፣ ከሹፌሮቹ ጋር ነው ያስቀመጠኝ።

"አንተ ሽቦ!" አለኝ። "ፔዳሉ አብዷል።"

"ምን ሆነ?"

"ራሱ ወደኔ ይመጣል! ጉልበቴ መሪው ሥር ተሰነቀረ፣ ወላሂ። ቶሎ በለው፣ ከልጄ ጋር ደጋው፣ አርታ ልወጣ ነው።"

ከኋላ ወንበር ልጁ ኡሙልኸይር ተኝታለች። አምስት ዓመቷ ነው።

የዚህ መኪና ፔዳል፣ ነዳጁም ፍሬኑም፣ ማብሪያ ሲጫኑት በትንሽ ሞተር ይንቀሳቀሳል። ለአጭር ሰው ይጠጋል፣ ለረጅም ይርቃል። አውቀዋለሁ። ለሚስቱ ለውዳድ ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። አጭር ነበረች። እስከ መጨረሻው ነው ያስጠጋሁላት።

ድሬ ሁሉም "አንተ" ነው የሚባባለው። እሷ ግን "ጋሽ መሳፍንት" ትለኝ ነበር። ከዚያ ቤት እንደ ሰው የቆጠረኝ እሷ ብቻ ናት።

ውዳድ ከሞተች አራት ወሯ ነው።

"ጨው በልቶት ይሆናል" አልኩ። የባሕሩ ጨው እዚህ አገር የማይበላው ማብሪያ የለም።

ፈትቼ አጸዳሁት። ፔዳሉን አራቅኩት። ዞር ስል...

ዝዝዝ...

ተጠግቷል። እስከ መጨረሻው።

እንደገና አራቅኩትና ፊውዙን ነቀልኩ።

ዝዝዝ...

ባትሪውን ፈታሁ። ኤሌክትሪክ ቀርቶ እንደሆን ብዬ ቴስተሬን የፔዳሉ ሞተር ላይ አስነካሁ። ዜሮ። ሞተሩን በእጄ አሽከርክሬ ፔዳሉን መለስኩት።

ዝዝዝ...



"ኒዛር..." አልኩ በሹክሹክታ። "ይሄ የኤሌክትሪክ አይደለም።"

"እና የምንድነው? የጂኒ?" ሳቀብኝ። "አልቻልኩም በላ! ምን ታደርግ፣ ስምንተኛ ክፍል ይሄን አያስተምሩም።"

መፍቻዬን አነሳሁ። ሞተሩን ራሱን ነቅዬ አወጣሁት። ፔዳሉን አራቅኩት፣ ባትሪውን መለስኩ። አሁን የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለም። ግን ልቤ እሺ አላለኝም።

"ልጅቷን እንኳ እዚሁ ተዋት።"

"አንተ ሽቦህን ጠብቅ!"

ወጣ። እየነዳ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። እኔ ሞተሩን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ከመታጠፊያው፣ ከወደብ የመጣ ባለ ተሳቢ ብቅ አለ። እየበረረ ነው።

ኒዛር አላየውም።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ...

ዝዝዝ...

ከመኪናው አይደለም። ከመዳፌ ነው። ሽቦ የሌለው ሞተር... እጄ ላይ ዞረ።

የኒዛር መኪና የፍሬን መብራት ቦግ አለ። ባለበት ተተክሎ ቀረ። ተሳቢው አፍንጫውን ታክኮ አለፈ።

ሮጥኩ።

ኡሙልኸይር እንደተኛች ናት። እንኳን ልትወድቅ አልተነቃነቀችም።

ኒዛር ሁለቱንም እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰብስቦ ተቀምጧል።

"እኔ አልረገጥኩም..." አለ። "መሳፍንት... እኔ አይደለሁም።"

በስሜ ጠራኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፔዳሉ ተጠግቷል። እስከ መጨረሻው።

ፍሬኑ ግን ወለሉ ድረስ ወርዷል። ማንም ሳይረግጠው።

በእጄ ወደ ላይ ሳብኩት። አልመጣም። በሁለት እጄ ሳብኩት። ወይ ፍንክች!

ምን እንደነካኝ አላውቅም... ወደ ፔዳሉ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

"ውዳድ... ልጅቷ ደህና ናት።"

ፔዳሉ ቀስ... እያለ ተነሳ።