ባሕሩ በሞቀበት ዓመት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፺፩፣ በየካቲት ወር መባቻ፣ በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ የሴቹራው ዓሣ አጥማጅ ካሲሚሮ ኬሬቫሉ እጁን ባሕር ውስጥ ነክሮ ፊቱ ጠቆረ፤ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ከሰሜን የሚወርደውን ለብ ያለ ውኃ አባቶቹ «የሕፃኑ ጅረት» ይሉት ነበር፤ የዘንድሮው ግን ከልክ በላይ ሞቋል፤ ቀዝቃዛው የደቡብ ነፋስ ቆሟል፤ ዓሣው ጠፍቶ የባሕር ወፎች በረሃብ እየረገፉ ነው።

ካሲሚሮ በቅሎውን ጭኖ፣ ነፍሰ ጡር ልጁ ሮሳውራ ወደምትኖርበት ወደ ሳንታ ብሪሂዳ ገሠገሠ። መንደሩ በደረቅ ወንዝ ዳር የሰፈረ ነው፤ በደረሰም ጊዜ ሕዝቡ ሰባት ዓመት የራቀውን ዝናብ ሊለምን ለምህላ ተሰልፎ አገኘው።

«ጌታዬ፣ ሕዝቡን ወደ ኮረብታው ያውጡልኝ» አላቸው የመንደሩን ዳኛ ዶን ኤቫሪስቶን፤ «ዝናቡ መጥቷል።»

«ማን ነገረህ? ዓሣው?» አሉ እየሣቁ።

«የዓሣው መጥፋት ነዋ! ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ሰማዩ ይደርቃል፤ ሲሞቅ ግን ትንፋሹ ደመና ሆኖ እናንተ ላይ ይወርዳል። በልጅነቴ እንዲህ ሞቆ፣ ወንዙ ያያቴን ቤት ከነጣራው ወስዶታል።»

«ሂድ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ የዓሣ ሽታህን ታጠብ!»

የሮሳውራ ባል ባልታሳርም አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ በጉድጓድ ውኃ ያሳደግሁት ጥጥ ሊፈነዳ አንድ ወር ነው የቀረው። ትቼው ብሄድ ምን እንበላለን?»

«ነፍስ ካለ ይበላል።»

«እኔ ካባቴ ጋር እሄዳለሁ» አለች ሮሳውራ፤ «አንተስ ብትቀር ጎርፉን በደረትህ ልትመልሰው ነው?»

ባልታሳር ፈገግ ብሎ በቅሎዋ ላይ አወጣት፤ እሑድ እንደሚከተላትም ማለላት።

ዝናቡ ሐሙስ ጀመረ፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ወንዙ ግንድና በሬ እየገፋ ደረሰ። ካሲሚሮ ልጁን ኮረብታው ላይ በምጥ ትቶ ወረደ፤ ከበርና ከገመድ ታንኳ ሠርቶ ከየጣራው ዘጠኝ ሰው አወጣ፤ ከእነርሱም አንዱ ዶን ኤቫሪስቶ ነበሩ። የባልታሳር ቤት ግን የነበረበት እንኳ አልታወቅ አለ።

«ምነው ጮክ ብለህ ብትነግረን ኖሮ?» አሉ ዳኛው እየተንቀጠቀጡ።

«ጮኼ ነበር፣ ጌታዬ።»

በዚያው ምሽት ሮሳውራ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ከዚያ በኋላ በሊማ ያሉ ሊቃውንት ስለ ሞቃቱ ጅረትና ስለ በረሃው ዝናብ ጻፉ፤ «የሕፃኑ ጅረት» የሚለውን ስም ያወጡለት «መርከበኞች» ናቸው ብለውም አለፉ፤ የተሰበረው ድልድይ ሁሉ ተመዘገበ። ከመርከበኞቹ መካከል ማን እንደ ጮኸ፣ ማንስ እንዳልሰማ የጠየቀ አልነበረም። ካሲሚሮን እስከ ዕለተ ሞቱ የቆረቆረው ግን የስሙ መዘንጋት አልነበረም፤ ያን ዕለት ባልታሳርን በገመድ አስሮም ቢሆን ይዞት አለመሄዱ ነበር።