ያልቀዳነው ውሃ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ቆቤን አንስቼ የምወጣ ነኝ፣ ደግሞ በሰፈራችን ወንድ ሲሞት አጥቤ የምገንዘው እኔ ስለነበርኩ ሬሳ አያስፈራኝም፣ ስለዚህ ወዳጄ ይህን የፈሪ ወሬ ነው ብለህ እንዳትተወው።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ሰፈራችን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። በየቤቱ ቧንቧ የለም፣ ሁላችንም የምንቀዳው ከቀበሌው ቦኖ ነው፣ ቦኖው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ደግሞ በለጠ የሚባል ጠባቂ ኪስ ውስጥ ነው። በለጠ እዚያው አብሮን ያደገ ልጅ ነው፣ ጓድ ከተባለ ወዲህ ግን ዝናቡንም እሱ የሚያዘንበው ይመስለው ነበር። ያን ሰሞን ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ በየቤቱ ጠብታ አልነበረም፣ ቦኖው ውሃ ቢመጣለትም በለጠ ካልከፈተው አይቀዳም፣ የሁላችንም ጀሪካን ባዶውን ቦኖው ጋ ተሰልፎ ነው የሚውለው።

እንግዲህ በዚያ መሃል ጋሽ ሽፈራው ሞቱ። ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፣ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ፣ በለጠንም ጭምር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የላጩ ሰው ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ ያሏቸው ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ዓይናቸውን ከደንኩ፣ ሰውነታቸው ሳይደርቅ ልጠባቸው ብዬ እጅጌዬን ስሰበስብ ውሃ የለም። ሬሳ ብቻውን አይተውም፣ አውቃለሁ፣ ግን ጎረቤቱ ሁሉ በግድ ስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል፣ ስለዚህ እትዬ አስካለ በሩን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩና ተያይዘን ቦኖው ጋ ወረድን።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ባልዲ ብቻ ብለው በለጠን ለመኑት። እሱ ክብሪት እንጨት እያኘከ፣ ከእናንተ ቤት ለእሁድ የጽዳት ዘመቻ የወጣ ሰው የለም፣ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አይቀዳም አለ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰውየው አልጋ ላይ ወድቀው እንዴት ይወጡ ነበር፣ አሁን ደግሞ መታጠቢያ ነው ያጡት ብዬ ነገርኩት።

«የሞተ ሰው አይጠማውም» አለኝ።

ለስብሰባ አርጅተዋል ተብለው የቀሩ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ቆሎ ሻጭ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ «አንተን ደግሞ በምራቃችን ነው የምናጥብህ፣ እሱንም ወረፋ ጠብቀህ» አሉት። አስነስቷቸው ጀሪካናቸውን በእርግጫ ከሰልፉ አወጣው። እኔ፣ እመነኝ፣ በዕድሜዬ ሰው መትቼ የማላውቅ፣ አንገቱን አነቅኩት፣ እሱም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ተው ወርቁ» አሉኝ እትዬ አስካለ ክንዴን ይዘው። «አንድ ሬሳ ይበቃኛል።»

ባዶ ባልዲ ይዘን ተመለስን፣ ከድልድዩ ስር ከሚወርደው ወንዝ ልቅዳ እንዳልል የከተማው ጉድፍ ሁሉ የሚፈስበት ነው፣ ሰዓት እላፊም እየደረሰ ነው። ንዴቱ ጆሮዬን ደፍኖት ስለነበር ድምፁን ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። እኔም ሰማሁ። ውስጥ ውሃ በጣሳ እየተቀዳ ይፈሳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይፈሳል፣ ልክ እኔ ሬሳ ሳጥብ እንደማደርገው በዝግታ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፣ ቤቱ ሌላ በር የለውም፣ መስኮቱም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ሲከፍቱት ድምፁ ቆመ።

ጋሽ ሽፈራው ከእግር እስከ ራሳቸው ታጥበዋል። ከፀጉራቸው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ተደፍቶ የተውኩት ሳፋ ተቃንቶ እጣቢ ሞልቶበታል፣ የአፈሩ ወለል ጭቃ ሆኗል። ደረታቸውን ነካሁት፣ ከቦኖ እንደተቀዳ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ማነው እዚህ ያለው ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ አስካለ ግን አልፈሩም፣ እመነኝ አልፈሩም፣ ተቆጡ፣ አልጋው አጠገብ ቆመው አፈጠጡባቸው።

«ውሃ ከነበረህ» አሉ፣ «እዚያ ባለጌ ፊት ለምን አስለመንከኝ?»

በአንሶላ አደረቅኳቸው፣ መልሰው ረጠቡ። ደግሜ አደረቅሁ። መጨረሻ ላይ ከነእርጥበታቸው በአቡጀዲ ገነዝኳቸው።

ጠዋት ሰው ለቀብር ተሰብስቦ ሳለ በለጠ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ፣ ጭቃውን አይቶ ውሃ ከየት ሰረቃችሁ አለ፣ ቁልፉ ኪሱ ነው፣ ቦኖው አልተነካም፣ ራሱ አይቶ መምጣቱን እየተናገረ ነው የሚጠይቀን። ደሜ ፈላ።

«እሳቸውን ጠይቃቸው» አልኩት።

እውነትም ወደ ሬሳው ሄደ፣ ወዳጄ፣ አቡጀዲውን ዳሰሰ። መዳፉን አየው፣ ረጥቧል፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ደግሞ አየው፣ ደግሞ ጠረገው፣ እንደዚያ እየጠረገ ወጥቶ ሄደ። ቀብር አልመጣም።

ሰፈሩ አሳምረህ አጥበሃቸዋል፣ እጅህ ይባረክ እያለ አመሰገነኝ፣ እኔ አይደለሁም ብል ማን ይስማኝ፣ እትዬ አስካለም እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ምሽት አላነሱልኝም። እኔን ንዴቱ እስካሁን አለቀቀኝም፣ ለአንድ ባልዲ ውሃ ያን ያህል ተዋርደን፣ ሰውየው በራሳቸው ይሁን በማን እጅ አላውቅም፣ ያለ እኛ ታጠቡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ገንዣለሁ፣ ለቅሶ ቤት ስገባ ግን ከሬሳው በፊት የማየው ወለሉን ነው።