ያልተሰነጠቀው ሴራሚክ

ኢንስፔክተር ሰገን ወሬታ ከተማ ካለው የእማማ ጸሐይነሽ ቤት ስትደርስ፣ የትልቁ ልጃቸው የአንለይ ሬሳ ገና ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነበር። አሮጌው የእጅ መታጠቢያ ከነእንጨት ሣጥኑ ጭንቅላቱን ተጭኖታል። ሊቀይረው የተቀጠረው የቧንቧ ሠራተኛ ዘመኑ፣ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷልና ታስሯል። ለሰፈሩ ይኸው በቂ ነው፤ ሰፈር መቼ ማስረጃ ቸግሮት ያውቃል!

እማማ ጸሐይነሽ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው አንበሳሜ ከተማ አድረው ሲመለሱ ነው ይህን ያገኙት። «ልጄ፣» አሏት፣ «ከሁለት ልጆቼ አንዱ ሄደ። ገዳዩን አግኚልኝ፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

«አገኘዋለሁ፣ እማማ» አለች ሰገን። ምነው ምላሴን በቆረጠው ያለችው በኋላ ነው።

ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው። መታጠቢያውን ዙሪያውን ከግድግዳው ያጣበቀው ሲሊኮን በስለት ተቆርጧል። ውሃው ተዘግቷል፤ ብሎኖቹ በብርጭቆ ተጠራቅመዋል። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው አሮጌ ነጭ ሴራሚክ አንድም የተሰነጠቀ የለም። ሟቹ ማጅራቱ ላይ ተፈንክቷል፤ የሣጥኑ ጠርዝ ግን ደም አልነካውም።

ዘመኑን ከእስር ቤት ጠየቀችው።

«ለሴራሚኩ ለምን ተጠነቀቅክ?»

«እኔ? ሥራውን ገና ዛሬ ልጀምር ነበር እኮ! የተጨቃጨቅነውም አዘገየህ ብሎኝ ነው። የግድግዳው ሴራሚክ ሁሉ ፈርሶ አዲስ ይለጠፍ ብሏል፤ አዲሱ ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ለሚፈርስ ነገር ማን ይጠነቀቃል? በዲጅኖ ገንጥዬ ነበር የምጥለው።»

የሟቹ ታናሽ አዛናው ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ውስጥ ሩዝ ያመርታል፤ የውሃ ፓምፑን እንኳ ራሱ ፈትቶ ይገጥማል።

«ዘመኑን ልቀቁት፣» አላት ዓይኑን ሳያነሣ። «ወንድሜ ብቻውን ሲጎትተው ወድቆበት ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሰገን ዘመኑን አስመጥታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ወድቆበት ቢሆን ቧንቧውን ሰብሮ፣ ሴራሚኩን ይዞ ይወርድ ነበር፣» አለች። «ይህ ግን በትዕግሥት ተፈትቶ የወረደ ነው። ጠርዙ ደም የለውም፤ አንለይ በሌላ ነገር ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው የተጫነበት። ዘመኑ ግድግዳውን ሊያፈርስ ነበር፤ አንለይም እንዲፈርስ ነው የፈለገው። የፈታው ሰው ግን ለግድግዳው የሚሳሳ ነው። እማማ፣ ይህን ሴራሚክ ማን ለጠፈው?»

«ባለቤቴ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ።»

«እንዳይሰበር ለማን ነገሩ?»

«አንለይማ መቼ ይሰማኛል። ለአዛ—»

ስሙን አልጨረሱትም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንድም አልሰነጠቅኩም፣ እማዬ፣» አለ አዛናው። «ዘመኑ ሳይመጣ ሴራሚኩን ላድንልሽ ብዬ ትናንት መታጠቢያውን ቀስ ብዬ ፈትቼ አወረድኩት። አንለይ መዶሻ ይዞ መጣ፤ ሳቀብኝ። የአባባን ሥራ ሊመታ ሲሰነዝር በያዝኩት የፓምፕ መፍቻ መታሁት። ወድቆበት እንዲመስል ሣጥኑን ጫንኩበት። ዘመኑ ይታሰራል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ሰገን እጆቹን በካቴና አሰረች። ጉዳዩን በመፍታቷ ደስታ ቀርቶ እፎይታ እንኳ አልተሰማትም፤ ኀዘን ብቻ ነበር።

እማማ ጸሐይነሽ የሚወጣውን ልጃቸውን አላዩም። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነጩን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩና የተፈታውን ሠራተኛ ጠሩት።

«ዘመኑ፣ ዲጅኖህን ይዘህ ና፣ ልጄ። ሁሉንም አውርደው፤ አንድም እንዳታስቀርብኝ።»