የሙታን መደርደሪያ

ዲየም ስድስት ዓመት ሙሉ ሙት ዓመት ስታወጣለት የኖረችው አባቷ አልሞተም ነበር። ይኸው አውስትራሊያ፣ ካብራማታ ሰፈር፣ እነሱ ሳሎን፣ ከገዛ ፎቶው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሩዝ ይበላል።

ፎቶው ለሞቱ ቤተሰቦች ዕጣን ከሚጨስበት የሙታን መደርደሪያ ላይ አልወረደም። ከአያቶቿ ምስል አጠገብ፣ ብርቱካን ከተደረደረበት ሳህን ኋላ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት መኮንን ፈገግ ብሎ ይታያል። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ ግን ሸብቷል፤ የፊት ጥርሶቹም የሉም።

ጠዋት ዲየም፣ «እማ፣ እናውርደው እንጂ። መጥቶ ራሱን ከሙታን ጋር ሊያይ ነው? ሼም ነው» ብላ ነበር። እናቷ ዓሣውን እያገላበጠች፣ «እዛው ይቆይ» አለች።

«ለምን?»

«ይቆይ አልኩ እኮ።»

የአራት ዓመቷ እህቷ ማይ ማንኪያዋን አስቀምጣ እንግዳው ላይ አፈጠጠች።

«ፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ሞተህ አልነበር እንዴ?»

«ማይ፣ ዝም ብለሽ ብዪ» አለች እናቷ።

«ተዪያት» አለ የዲየም አባት ኒየም። «እውነቷን ነው። ሞቼ ነበር አሉ።»

የሞቱን ወሬ ያመጣው ኒየም ከታሰረበት ካምፕ የተፈታ ሰው ነበር። ኮሚኒስቶቹ ሳይጎንን እንደያዙ ኒየምን ለአጭር ትምህርት ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። እናቷ ዓመታት ጠብቃ ዲየምን ይዛ በጀልባ ሸሸች። አውስትራሊያ ከገቡ በኋላ ያ ሰው መጥቶ፣ ወባ የያዘውን ኒየምን በምንጣፍ ጠቅልለው ሲያወጡት አይቻለሁ አለ። ከዚያ ካምፕ በምንጣፍ ተጠቅልሎ የወጣ የሚቀበር ብቻ ነበር። ደብዳቤም አይወጣም። የሞተበት ቀን ስላልታወቀ ወሬው የደረሰበትን ቀን ሙት ዓመቱ አደረጉት። በየዓመቱ በዚያ ቀን እናቷ የሚወደውን ዓሣ በሸክላ ድስት ሠርታ ፎቶው ፊት ታስቀምጣለች። ዕጣኑን የሚለኩሰው ሎክ ነው፤ እናቷ ኋላ ያገባችው፣ የማይ አባት። ዘንድሮ የኒየም እህት ከሜልበርን ደውላ፣ «ተፈቷል፣ ወደ አውስትራሊያ ላመጣው ነው» አለች።

«ይሄን ዓሣ በየዓመቱ ታቀርቡልኝ ነበር?» አለ ኒየም።

«በየዓመቱ» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«ማን ይበላው ነበር?»

ሎክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ዕጣኑ ነዶ ሲያልቅ።»

«ታዲያ ወፍረሃል። እኔ ላይ ነው ያልታየው።»

ሎክ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን የት እንደሚያደርሰው ጠፋው።

ዲየም አልሳቀችም። ፈተና በደረሰ ቁጥር ዕጣን ለኩሳ ለወጣቱ መኮንን ስታንሾካሹክ ነው ያደገችው። ሒሳብ እንደሚከብዳት፣ ከጓደኛዋ ጋር ለምን እንደተኳረፉ፣ ሁሉን ነግራዋለች። ይሄ ሰውዬ ግን ምንም አያውቅም። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠይቋት፣ ረስቶ ደግሞ ጠየቃት።

በልቶ ሲጨርስ ተነሣ። ወደ ሜልበርን የሚሄደው አውቶቡስ ከመሀል ከተማ ነው የሚነሣው፤ እህቱ ፋብሪካ ሥራ አግኝታለታለች።

«በመኪና ላድርስህ» አለ ሎክ።

«ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው። በእግሬ እሄዳለሁ።»

ወደ በሩ ሲያልፍ መደርደሪያው ፊት ቆመ። ፎቶው ላይ ያለውን ወጣት እንደማያውቁት ሰው ትኩር ብሎ አየው።

«ሌላ ፎቶ አልቀረኝም» አለ። «የደንብ ልብስ የለበስኩበትን ሁሉ እናቴ ፈርታ አቃጥላዋለች።» እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች እናቷ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እባክህ፣ ኒየም። እሱ እዛ እስካለ ድረስ ባሏ ሞቶባት ያገባች ነኝ። ሲወርድ ምን ልባል ነው? እዚህ ሰፈር የማያውቀኝ የለም።»

ኒየም እጁን ሰበሰበ። «ልክ ነሽ» አለ። በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ፤ ክሩ አስቸግሮት ቆየ። «ዓሣው ይጣፍጣል» ብሎ ወጣ። በሩን አልዘጋውም።

ዲየም የበላበትን ሳህን አየች። ሩዙን ጨርሶታል። ዓሣው አልተነካም።

«ተመልሶ ይመጣል?» አለች ማይ። እናቷ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ዲየም ወንበር ስባ መደርደሪያው ሥር አቆመች። ወጥታ ብርቱካኑን ገፋ አደረገች።

«ዲየም፣ ውረጂ።»

ብትቆጣት ይቀላት ነበር። እናቷ የምትለምን ነው የምትመስለው። ወንበሩ ተንገዳገደ፤ ሎክ መጥቶ እግሩን ያዘላት። ፎቶውን ስታነሣው፣ ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ የፎቶው ልክ ነጭ ሆኖ ቀረ። አመዱን በእጅጌዋ ጠረገችው።

«ልጄ» አለች እናቷ። ነጩን ቦታ አንዴ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ሳህኖቹ አዞረች።

«ባቡሩ ሳይሄድ ልስጠው» አለች ዲየም።

ጫማዋን ተረከዙን ረግጣ አደረገች። ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።